50 ኪሎ ዋት በሰመራ ሙቀት ስንት ቀን ይቆያል?

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። ለአራት ዓመት እንዲህ እንዲቀጥል ነው የተወሰነው። ስለ ጭማሪው ብዙ ስለተወራ እኛ ዛሬ ማየት የፈለግነው ሌላውን ነገር ነው፦ ድጎማውን። ጭማሪው በተነሳ ቁጥር «ዝቅተኛ ተጠቃሚው ተደጉሟል፣ ደሃው አይጎዳም» የሚል መልስ አብሮ ይመጣል። እሺ፣ አዋሽ ሰባት ወይም ሰመራ-ሎጊያ ላይ በአንድ ክፍል ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ይህ መልስ በተግባር ምን ማለት ነው?

ቀድመን እንናገር። ድጎማው አለ፣ ውሸት አይደለም። ግን የተሰፋው በደገኛ ልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት (ከዚህ በኋላ እንደለመድነው «ኪሎ ዋት» ብቻ እያልን እንቀጥላለን) በጣም ርካሹን ዋጋ ይከፍላል። ከ50 እስከ 100 ሌላ ዋጋ፣ ከ100 እስከ 200 ሌላ፣ እንዲህ እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይወጣል። ታኅሣሥ 2011 ላይ የተጀመረው የቀድሞው ማስተካከያ በ2014 ሲጠናቀቅ የመጀመሪያው እርከን 27 ሳንቲም አካባቢ ላይ ነበር። ሁለተኛው 77 ሳንቲም ገደማ፣ ሦስተኛው 1 ብር ከ62 ሳንቲም፣ አራተኛው 2 ብር። አሁን ያሉት ዋጋዎች ከእነዚህ በላይ ናቸው፣ በየሦስት ወሩም ስለሚቀየሩ ዛሬ የምንጽፈው ቁጥር ነገ ያረጃል። የመሰላሉን ቅርጽ ግን ልብ በሉ፦ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስትወጡ የአንዱ ኪሎ ዋት ዋጋ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ስድስት እጥፍ።

እንግዲህ አገሪቱ በመብራት ቢል ላይ ለደሃ የምታደርገው እርዳታ በዋናነት ይሄው የመጀመሪያው እርከን ነው። ገቢህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ቅጽ መሙላት የለም፣ ቀበሌ ሄዶ መሰለፍ የለም። ቆጣሪው ራሱ ይወስናል። 50 ውስጥ ከሆንክ ደሃ ነህ፣ ካለፍክ አይደለህም።

ቀላልነቱ ጥሩ ነው፣ ሌብነት አይገባበትም። ችግሩ ቆጣሪ ሙቀት አያውቅም፣ የሰው ብዛትም አያውቅም።

መጀመሪያ ሙቀቱን እንይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። አዋሽ ሰባት 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች። ሰመራ ላይ በሐጋይ ወራት ቀን ከ40 ዲግሪ ማለፉ ዜና አይደለም። ሌሊቱም አይቀዘቅዝም፤ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚያድረው ሰው ብዙ የሆነው ለመዝናናት አይደለም።

አሁን ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱና አብረን እንደምር። ሁለት እኩል ቤቶችን እናስብ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሰመራ። ሁለቱም ቤት አራት አምፖል አለ፣ ባለ 9 ዋት፣ በቀን 5 ሰዓት የሚበራ፦ በወር 5 ኪሎ ዋት ገደማ። ሁለቱም ቤት 60 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን አለ፣ በቀን 5 ሰዓት፦ 9 ኪሎ ዋት። ሁለቱም ቤት ትንሽ ፍሪጅ አለ፣ በቀን አንድ ኪሎ ዋት የምትበላ፦ 30። ድምር 44። አዲስ አበባ ያለው ቤት እዚህ ላይ ያበቃል፣ 50 ውስጥ ነው፣ ተደጉሟል። የሰመራው ቤት ግን አንድ ቬንቲሌተር ይጨምራል። ኤሲ አላልንም፣ ገበያ ላይ ያለውን ተራ ባለ 60 ዋት ቬንቲሌተር ነው። በቀን 18 ሰዓት ቢዞር በወር 32 ኪሎ ዋት ይበላል። ድምር 76።

ስለዚህ ርዕሳችን ላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ፦ 20 ቀን። በ20ኛው ቀን 50ው ያልቃል። (ፍሪጅም በሙቀት ውስጥ ስትሆን ሞተሯ ብዙ ስለሚሠራ ከዚህ በላይ ትበላለች። እሱን እንኳ አልቆጠርነውም።)

ሁለቱ ቤቶች ገቢያቸው አንድ ነው። የሰመራው ቤት ከዝቅተኛ ተጠቃሚነት የወጣው ሀብታም ስለሆነ ሳይሆን ሙቀት ያለበት ቦታ ስለሆነ ነው።

«ቬንቲሌተር ቅንጦት ነው፣ ድሮ ማን ነበረው?» የሚል አይጠፋም። ሙቀት ይገድላል። በተለይ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል፤ ሌሊት ካልቀዘቀዘ ደግሞ ሰውነት የቀኑን ድካም ማራገፊያ ጊዜ አያገኝም። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ቬንቲሌተር ብቻውን እንደማያቀዘቅዝ ነው፣ ሞቃት አየር ብቻ ነው የሚያዞረው፤ ገላን ማርጠብ ያስፈልጋል። ማለትም ቬንቲሌተር የመጨረሻው ዝቅተኛ መከላከያ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው በረጠበ አንሶላ ተጠቅልሎ መተኛት ነው።

ሌላው ደግሞ፣ መንግሥት ራሱ ሙቀቱን ያውቀዋል። በበረሃ ለሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ የበረሃ አበል አለ። በሞቃታማ ክልሎች የቢሮ ሰዓት ወደ ማለዳ ይገፋል። ይህ ትክክለኛ ነገር ነው። ግን አበሉ የሚደርሰው ደመወዝ ላለው ሰው ነው። ሎጊያ ላይ ሻይ የምትሸጥ እናት፣ አዋሽ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ የምታበስል ልጅ፣ የቀን ሠራተኛው፣ እነሱ አበል የላቸውም። ለእነሱ ሙቀቱን ሊያካክስ ይችል የነበረው ቦታ የታሪፉ ሰንጠረዥ ነበር። እዚያ ላይ ያሉት መስመሮች ግን የፍጆታ መጠን ብቻ ናቸው። የአየር ንብረት የሚል ዓምድ የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሙቀቱም ይብሳል። የጋራ ቆጣሪ።

አዋሽ ሰባትን የሚያውቅ ሰው ከተማዋ እንዴት እንዳደገች ያውቃል። በባቡር ጣቢያ ተጀመረች፣ በጅቡቲ መንገድ ሰፋች። መጥቶ ሄያጁ ብዙ ነው፣ ስለዚህ የተከራዩ ቁጥርም ብዙ ነው። ሎጊያም እንደዚያው። አንድ ግቢ፣ በዙሪያው የተደረደሩ ነጠላ ክፍሎች፣ አንድ ቆጣሪ። ቆጣሪው በአከራዩ ስም ነው። የራስ ቆጣሪ ለማስገባት ደግሞ የይዞታ ወረቀት የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው፣ ተከራዩ አይደለም።

እንደገና ካልኩሌተሩን አውጡ። አምስት ክፍል ያለው ግቢ እናስብ። ማንም ፍሪጅ የለውም። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቬንቲሌተር (32)፣ አንድ ቴሌቪዥን (9)፣ ሁለት አምፖል (3 ገደማ) አለው። ለየብቻ ቢለኩ እያንዳንዱ 44 ነው፣ አምስቱም ቤተሰብ 50 ውስጥ ናቸው፣ አምስቱም ተደጓሚ። አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመሩ ግን 220 ይሆናሉ። አራተኛው እርከን። በድሮው ታሪፍ እንኳ ብናየው ከ27 ሳንቲም ወደ 2 ብር ማለት ነው፣ ሰባት እጥፍ።

በዚህ አያበቃም። ሐምሌ 2016 የወጣው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ መብራትንም ይነካል። የገንዘብ ሚኒስቴር በመመሪያ ለዝቅተኛ ተጠቃሚ ሲያዝን ያስቀመጠው መስመር በወር 200 ኪሎ ዋት ነው፦ እስከዚያ ድረስ የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ከቫት ነፃ ነው፣ ከዚያ በላይ 15 በመቶ ይጨመርበታል። ብቻውን ለሚኖር ቤተሰብ 200 ሰፊ መስመር ነው፣ አናማርርም። ግን ያ 220 ላይ ያለው ግቢ መስመሩን አልፏል። አንድም ኤሲ ሳይኖር፣ አንድም ፍሪጅ ሳይኖር፣ አምስት ደሃ ቤተሰብ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ተቆጥሮ ቫት ይከፍላል።

እና ተከራዩ ይህን ሁሉ አያይም። እሱ የሚያየው አከራዩ በወሩ መጨረሻ የሚነግረውን ነው፦ ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፣ ቬንቲሌተር ካለህ ጨምር። አንዳንዱ አከራይ በዚህ ያተርፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቢሉ ከብዶት የእውነት ይቸገራል። በሁለቱም በኩል ለተከራዩ የታሰበው ድጎማ በር ላይ ቀርቷል።

እዚህ ላይ የሚያናድድ ነገር አለ፣ ሳንለው አናልፍም። የአገሪቱ ትልልቅ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ታሪክ ከአዋሽ ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ውኃው ከታች ወደ አፋር የሚወርደው ያው አዋሽ ነበር፣ አዋሽ ሁለትና ሦስትም ተከተሉ። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር በአዋሽ በኩል ያልፋል። ወደ ጅቡቲ መብራት ከሸጥን ከ10 ዓመት በላይ ሆነን። ሰመራ አጠገብ ተንዳሆ ላይ ደግሞ የእንፋሎት ጉድጓድ የተቆፈረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ፤ ለዚያ ግድብ ቦንድ የገዛው የአፋር ቤተሰብም ነው። በእርግጥ ግድብ መመረቁ ብቻውን ቢል አያወርድም፣ ዕዳ አለ፣ የማስተላለፊያ መስመር ወጪ አለ። ግን «ኃይል የለንም» የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አይሠራም።

ሌላ አገር ምን ያደርጋሉ? ለእኛ በጣም የሚቀርበው ሜክሲኮ ነው። እዚያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ አንድ አይነት አይደለም፣ በሙቀት የተከፋፈለ ነው። አካባቢው በሞቃቱ ወራት በሚመዘገበው አማካይ ሙቀት ይመደባል፣ ከ25 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 33 ዲግሪ ድረስ ደረጃ አለው። ቀዝቃዛ አካባቢ ያለ ቤት በርካሽ ዋጋ የሚያገኘው በወር 75 ኪሎ ዋት ሲሆን፣ በጣም ሞቃት አካባቢ ያለው በሞቃቱ ወራት 300 ድረስ ያገኛል። ቀላል ሐሳብ ነው፦ ሙቀቱ ከፍ ሲል የድጎማው መስመርም ከፍ ይላል፣ ወሩ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ጉድለቱም ግን አለ። 300 ኪሎ ዋት ሰፊ ስለሆነ ትልቅ ቤትና ሦስት ኤሲ ያለው ሰውም እኩል ይጠቀማል፣ ለመንግሥት በጀትም ከባድ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በተቃራኒው ሄዳ፣ 100 የነበረውን የዝቅተኛ ተጠቃሚ መስመር በ2015 ዓ.ም. ወደ 30 አወረደችው። ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይሄ መስመር መሆኑን ማወቅ ጥሩ ነው።

እኛ የሜክሲኮን 300 አንጠይቅም። የእኛ ሂሳብ ያሳየው ልዩነት አንድ ቬንቲሌተር ነው፣ 32 ኪሎ ዋት። የመጀመሪያው እርከን በሞቃታማ ከተሞች ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከ50 ወደ 100 ከፍ ቢል ያ ቬንቲሌተር ይሸፈናል። ኤሲ አይሸፈንም፣ ሆቴል አይሸፈንም፣ ቢሮ አይሸፈንም። በ1999ኙ ቆጠራ አፋር ከአገሪቱ ሕዝብ 2 በመቶ ገደማ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ቆጣሪ ያለው ደግሞ የከተማው ሰው ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ጋምቤላን፣ ጎዴን፣ ሁመራን፣ መተማን፣ ድሬዳዋንም መጨመር ይገባል፣ ያኔ ወጪው ያድጋል። ቢሆንም ከአገሪቱ አጠቃላይ የመብራት ተጠቃሚ አንፃር ትንሽ ክፍል ነው።

ይህ ግን የጋራ ቆጣሪውን ችግር አይፈታም። ለእሱ ድጎማው ከቆጣሪው ወርዶ ወደ ሰው መሄድ አለበት። «በእኛ አገር ይቻላል ወይ?» ካላችሁ፣ ተሞክሯል። ሐምሌ 2014 ላይ መንግሥት ለሁሉም ይሰጥ የነበረውን የነዳጅ ድጎማ መቀነስ ሲጀምር የሕዝብ ትራንስፖርት መኪኖችን ለይቶ መዝግቦ ድጎማውን በቴሌብር ሰጥቷል። ብዙ ቅሬታ ነበረበት፣ ወረፋ ነበረበት፣ ግን ለይቶ መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። መኪናን በታርጋ መለየት ከተቻለ ቤተሰብን መለየት አያቅትም።

ዝርዝሩም ከዜሮ አይጀመርም። የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሰመራ-ሎጊያ አንዷ ነበረች። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፈ ይከፈለዋል፣ መሥራት የማይችለው ሽማግሌና አካል ጉዳተኛ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ከዚያ በሁለተኛው ምዕራፍ የከተሞቹ ቁጥር ወደ 83 አድጓል። ማለትም ሰመራ-ሎጊያ ላይ «በጣም ደሃው ማነው?» የሚለው ጥያቄ በወረዳ ደረጃ ተጠይቆ፣ በነዋሪ ኮሚቴ ተጣርቶ መልስ አግኝቷል። ለእነዚያ ቤተሰቦች በሞቃቱ ወራት የአንድ ቬንቲሌተር ፍጆታ የሚያህል ብር መጨመር ይቻላል። ተከራይ ይሁኑ ባለቤት ለውጥ የለውም፣ ቆጣሪው በማንም ስም ይሁን።

የዝርዝሩ ችግርም ይታወቃል። ዘመድ የሌለው ሰው ይዘለላል፣ ከሌላ ክልል ለሥራ የመጣ ተከራይ መታወቂያ የለህም ተብሎ ይመለሳል። አዋሽ ሰባት ላይ ደግሞ ይሄኛው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ቢሄዱ ይሻላል የሚል ነው የእኛ አቋም፦ እርከኑም ይስፋ፣ ሴፍቲኔቱም ይጨምር። አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በሐቀኝነት እንናገር። አብዛኛው የአፋር ሕዝብ አርብቶ አደር ነው፣ ዳቦይታ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ የምናወራው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ቆጣሪ የለውምና። በአገር ደረጃም መብራት የሚያገኘው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ነው። የታሪፍ ድጎማ ሁልጊዜ የሚጠቅመው መስመር የደረሰውን ነው። ይህንን የምንለው ክርክሩን ለማዳከም አይደለም፤ ለከተማው ደሃ የሚጠየቀው ብር ለገጠሩ የፀሐይ ኃይል ከሚመደበው እንዳይቀነስ ነው።

እስከዚያው ራሳችሁ ማድረግ የምትችሉት ትንሽ ነገር አለ። ቢላችሁን ወይም የካርድ ደረሰኛችሁን ስታዩ ከብሩ በፊት የኪሎ ዋቱን ቁጥር ተመልከቱ። 50፣ 100፣ 200 የሚሉትን ቁጥሮች ስታልፉ ዋጋው ይቀየራል። 53 ወይም 104 ላይ ከሆናችሁ ትንሽ ቅነሳ እርከን ያወርዳችኋል፤ አንድ የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖል በባለ 9 መቀየር ብቻ፣ በቀን 5 ሰዓት ለሚበራ፣ በወር ከ7 ኪሎ ዋት በላይ ያተርፋል። ጋራ ቆጣሪ ላይ ያላችሁ ደግሞ አከራያችሁን ጠቅላላ ፍጆታውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ በጨዋ ቋንቋ። 200 ካለፈ ተጨማሪ ቆጣሪ ማስገባት ለእሱም ያዋጣዋል፣ ምክንያቱም ቫቱ በእሱ ስም ነው የሚመጣው። የአገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል 905 ነው።

የታሪፍ ጥያቄው ግን 905 ላይ አይመለስም። ታሪፍን የሚመረምረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፣ የሚያጸድቀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት። የአፋር ክልል መንግሥት፣ የሰመራ-ሎጊያና የአዋሽ ሰባት ከተማ አስተዳደሮች፣ በፓርላማ ያሉት የክልሉ ተወካዮች ጥያቄውን ማቅረብ ያለባቸው እዚያ ነው። የአሁኑ ማስተካከያ አራት ዓመቱን የሚጨርሰው በ2020 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ የሚቀጥለው ሰንጠረዥ ከዚያ በፊት መዘጋጀት ይጀምራል።